የቁልፍ አቋራጭ ለፈጣንና ወጥ ሪፖርት

ከወደራና ከነጌሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ ያለው ቆላማ አካባቢ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበትን ድርቅ አሳልፏል። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የውኃ ቦቴ የሚላከውም ሆነ የእንስሳት መኖ የሚከፋፈለው ከመስክ በመጣ ሪፖርት መነሻነት ነው። የሪፖርቱ ፍጥነትና ጥራት የተረጂውን ወገን ሕይወት ስለሚነካ፣ በዚህ ትምህርት ሁለቱንም የሚያግዙ ቀላል ዘዴዎችን እንመለከታለን።

በቅድሚያ ችግሩን እናስተውል። አንዱ ጸሐፊ «ነጌሌ» ሲል ሌላው «ነገሌ» ይላል፤ «ቦረና» እና «ቦራና» በአንድ ሰነድ ውስጥ ይገኛሉ። ቡሌ ሆራም በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም ተብላ ትጻፋለች፤ ያውም አንዳንዴ በ«ሀ»፣ አንዳንዴ በ«ሃ»። ሰው ሲያነብ አንድ መሆናቸውን ይረዳል፤ ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱን እንደ ልዩ ቃል ይቆጥረዋል። በመሆኑም በስም ፈልገን ስንደምር አንድ አካባቢ ከቁጥር ሊጎድል ይችላል።

የመጀመሪያው ዘዴ አሕጽሮትን ወደ ሙሉ ስም መለወጥ ነው። በማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ቀጥሎም ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ የሚለውን እንከፍታለን። «ሪፕሌስ» በሚለው ሳጥን አሕጽሮቱን፣ «ዊዝ» በሚለው ሙሉውን ጽፈን «አድ» የሚለውን እንጫናለን። ለምሳሌ «ልክተኮ» ብለን የክፍተት ቁልፍ ስንጫን «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን» የሚለው ይተካል። በ4 ፊደላት 43 ፊደላት ተጻፉ ማለት ነው፤ አጻጻፉም ሁልጊዜ አንድ ይሆናል።

አሕጽሮቱ ግን በራሱ ትርጉም ያለው ቃል መሆን የለበትም። ለነጌሌ ቦረና «ነገ» የሚለውን ብንመርጥ፣ «ነገ እንደርሳለን» ብለን ስንጽፍ «ነጌሌ ቦረና እንደርሳለን» ይሆንብናል። «ነቦ» ቢባል ግን ከሌላ ቃል ጋር አይጋጭም።

ሁለተኛው ዘዴ ለተደጋጋሚ ትእዛዝ የራስን ቁልፍ መመደብ ነው። ኦፕሽንስ ውስጥ ከስተማይዝ ሪበን የሚለውን ከፍተን፣ ከግርጌው «ኪቦርድ ሾርትከትስ» ከሚለው ጎን ያለውን «ከስተማይዝ» እንጫናለን። ከ«ኦል ኮማንድስ» ዝርዝር «ፔስትቴክስትኦንሊ» የሚለውን ብንመርጥ፣ ከሌላ ሰነድ የተቀዳ ጽሑፍ የፊደል ቅርጹን ትቶ እንዲገባ ያደርጋል። ከዚያ የምንፈልጋቸውን ቁልፎች በአንድነት ተጭነን «አሳይን» እንላለን። ቁልፎቹ አስቀድመው ለሌላ ሥራ የተመደቡ ከሆነ መስኮቱ ያሳየናል፤ በተለይ ኮንትሮልና ኤስ ለማስቀመጫ የሚያገለግሉ ስለሆኑ አይነኩ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከእነርሱ የሚበልጥ አቋራጭ የለም።

ሁለት ነገሮችን እንጨምር። አሕጽሮት ከአሁን በኋላ የሚጻፈውን እንጂ ቀድሞ የተጻፈውን አያርምም፤ ለነባር ሰነድ ኮንትሮልና ኤችን ተጭነን ስሞቹን እየፈለግን እንተካ። አሕጽሮቶቹም በተመዘገቡበት ኮምፒዩተር ብቻ ይሠራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ በወረዳና በቀበሌ ስሞች አጻጻፍ ላይ ይስማማ፤ ዝርዝሩንም በአንድ ወረቀት አትሞ ከየኮምፒዩተሩ አጠገብ ይለጥፍ። አዲስ ባልደረባ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ያንን ዝርዝር መመዝገብ ይሁን።