የአባቶቻችን ቃልና የኑዛዜ ሕግ

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ለእኛ ለወጣቶች ገና ሩቅ መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ጡት ያደጉ ወንድምና እኅት በፍርድ ቤት ደጅ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው እንዲቆሙ የሚያደርግ ነገር ስለሆነ ልናጠናው ይገባል እንላለን። ይኸውም የኑዛዜና የውርስ ነገር ነው።

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገር ነው፤ ሁለተኛው ስለ ንብረት የመጨረሻን ፈቃድ መግለጽ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል የተጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በወላጆቻችን ልማድ ሰው ሕመም ሲጸናበት የነፍስ አባቱ ይጠራሉ። ኃጢአቱን ለብቻ ከነገራቸው በኋላ ሽማግሌና ጎረቤት ገብቶ በአልጋው ዙሪያ ይቀመጣል፤ በሽተኛውም የተበደረውን፣ ያበደረውን፣ ጥማድ በሬው ለማን፣ ላሚቱ ለማን እንደምትሆን ይናገራል። የሙት ቃል ስለሆነም ማንም ሊያፈርሰው አይደፍርም ነበር።

ይህ ልማድ የተከበረ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ያላወቅነው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግን ኑዛዜ ጨርሶ ባይከለክልም እጅግ አጥብቦታል። በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የተነገረ ኑዛዜ የሚጸናው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሞግዚትና አስተዳዳሪ፣ እንዲሁም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ሲሆን ብቻ ነው። 500 ብር በዚያን ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በዳባት ገበያ አንድ በግ እንኳ አይገዛም። ከዚህም በላይ ተናዛዡ ከሕመሙ ድኖ ሦስት ወር ከቆየ የተናገረው ቃል ይፈርሳል። እንግዲህ አባት ቤቱንና ከብቱን በአልጋው ላይ ሆኖ ቢያከፋፍል፣ ከልጆቹ አንዱ አልቀበልም ብሎ ፍርድ ቤት የሄደ ዕለት ያ ሁሉ ቃል በነፋስ የተበተነ ገለባ ይሆናል።

ታዲያ ጽፎ ማስቀመጥ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቤተ ሰብ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። አንድ አባት አለ እንበል። ማንበብና መጻፍ አይችልም። ልጁ ተማሪ ነውና ወረቀት አምጥቶ አባቱ የነገረውን በሚገባ ይጽፋል፤ አባትየውም በጣቱ ያትማል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ይፈርማሉ። ይህ ወረቀት በሕግ ዋጋ የለውም። ተናዛዡ በገዛ እጁ የጻፈው ኑዛዜ ምስክር አያስፈልገውም፤ ሁሉን እርሱ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየወረቀቱም ቀን ጽፎ መፈረም አለበት። ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ ግን «በግልጽ የሚደረግ» የሚባለው ኑዛዜ ስለሆነ አራት ምስክሮች ያስፈልጉታል። በአራቱና በተናዛዡ ፊት ይነበባል፤ መነበቡም በዚያው በወረቀቱ ላይ ከነቀኑ መጻፍ አለበት፤ ከዚያም ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም ያትማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ሹም ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ የመሰከረ እንደሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። «ተነቦላቸዋል» የምትለው አንዲት ቃል ባለመጻፏ ብቻ ኑዛዜ ይወድቃል። በእኛ አስተያየት ከመላው ሥርዓት ልንይዘው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በየቤቱ ጸሐፊ ሆነን የምንቀርበው እኛ ተማሪዎቹ ነንና።

ሌላም ወጥመድ አለ። ባልና ሚስት ተስማምተው የኖሩ ስለሆነ ኑዛዜያቸውንም በአንድ ወረቀት ላይ በአንድነት ሊያደርጉት ይወዳሉ። ፍቅራቸው መልካም ነው፤ ሕጉ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ያደረጉትን ኑዛዜ አይቀበልም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መናዘዝ አለባቸው።

ኑዛዜ ከሌለስ? ልጆች ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በጋብቻ የተወለደም ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፣ እኩል ይካፈላሉ። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር የተዳረች እኅታችን «ጥሎሽ ወስዳለች» ተብላ አትቀርም። ልጅ ከሌለ ወላጆች ይወርሳሉ። ሚስት በሕጉ ከወራሾች ተራ አልተቈጠረችም፤ ይሁን እንጂ በጋብቻ ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ስለሆነ ግማሹ አስቀድሞ የራሷ ነው፤ ለወራሾች የሚከፈለው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት እናት ከገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ተቈጥራ ይሆን!

የመሬት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው በትውልድ ቈጠራ ነበር፤ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ በአባቱም በእናቱም በኩል እየቈጠረ ድርሻዬ ይል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ሁሉ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስላለ ገበሬው ይዞታውን ሊሸጠው አይችልም። በውርስና በኑዛዜ ማስተላለፍ ግን ተፈቅዷል፤ ይህም በክልሉ የመሬት አዋጅ ይመራል። በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998 ነበር፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተካ። ስለዚህ ለበሬና ለቆርቆሮ ቤት የሚበቃ ኑዛዜ ለገብሱ ማሳ ላይበቃ ይችላል።

ልጅ ሆኖ አባትን «ተናዘዝልኝ» ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ሞቴን ይመኛል ያሰኛል። ጥያቄውን የነፍስ አባት ወይም የቤቱ ሽማግሌ ቢያነሡት ይሻላል፤ ያውም በሕመም ሰዓት ሳይሆን በደኅናው ጊዜ፣ ለምሳሌ ከመከር በኋላ። ጸሐፊውም ምስክሮቹም ከሚወርሱት ሰዎች መካከል ባይሆኑ ክርክር ያሳጥራል። ተናዛዡ ሐሳቡን ቢለውጥ በማናቸውም ጊዜ ሊሽረው መብት እንዳለው ቢነገረው ፍርሃቱ ይቀላል።

የተጻፈውን ወረቀት ሣጥን ውስጥ ከመቆለፍ ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወስዶ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በገዛ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ከሰባት ዓመት በኋላ ይፈርሳል። መሬቱን የሚመለከተውን ክፍል ከመጻፍ በፊት ደግሞ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መሄድ፣ የባልና የሚስት ስም ሁለቱም መግባቱን ማየት፣ ማን ሊወርስ እንደሚችልም መጠየቅ ያስፈልጋል።