አንጎል ላይ የወጣ ሊምፎማ፦ የሕክምናው ቅደም ተከተል ለአስታማሚ

ሊምፎማ አንዳንዴ ሌላውን የሰውነት ክፍል ሳይነካ አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰር ወይም ዓይን ላይ ብቻ ይወጣል። ሕክምናው ከሌሎች የአንጎል ዕጢዎች ይለያል፤ አስታማሚም ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለበት።

1. ከዕጢው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ስቴሮይድ አያጣድፉ። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ የአንጎሉን እብጠት ስለሚቀንስ የደነዘዘው ታማሚ በቀናት ውስጥ ሊነቃ ይችላል፤ ቤተሰቡም ዳነልን ይላል። ግን መድኃኒቱ የሊምፎማውን ሴሎችም ስለሚገድል በኋላ የሚወሰደው ናሙና ባዶ ሊሆን ይችላል። ለውጡም አይዘልቅም። እብጠቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ “ናሙናው እስኪወሰድ መቆየት ይቻላል?” ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። ቀድሞ ከተሰጠም ይንገሩት።

2. ናሙናው በቀጭን መርፌ ይወሰዳል። “ለምን ቆርጠው አያወጡትም?” ማለት ያለ ነው፤ ይህ ዕጢ በአንጎል ውስጥ ስለሚሰራጭ ቀዶ ጥገና ብቻውን አያድነውም።

3. የኤችአይቪ፣ የጀርባ ውሃ፣ የዓይን፣ የደረትና የሆድ ምርመራ ይከተላል። ቫይረሱ ካለ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም የሕክምናው አካል ነው።

4. ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። ወደ አንጎል እንዲደርስ በአንድ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ስፋት 3 ግራምና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ከሪቱክሲማብና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር። ይህን ያህል መጠን ኩላሊት ውስጥ ከቆየ አደገኛ ነው። ስለዚህ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሽንቱ አሲዳማ እንዳይሆን ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመራል። ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ሉኮቮሪን የሚባል ማርከሻ ይጀመራል፤ በደም ውስጥ ያለው የሜቶትሬክሴት መጠን በበቂ እስኪወርድም አይቋረጥም። የአስታማሚው ሥራ እዚህ ነው፦ ሽንቱን መዝግቡ፤ ሲቀንስ ነርሷን ጥሩ። ታማሚው የሚወስደውን ሁሉ አሳዩ፦ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ለሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ኤችአይቪ ያለበት ሰው የሚወስደው ኮትሪሞክሳዞል። እነዚህ ሜቶትሬክሴት ቶሎ እንዳይወጣ ወይም ጉዳቱ እንዲከፋ ያደርጋሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ይወስን።

5. ዕጢው ከጠፋ በኋላ እንዳይመለስ ማጽኛ ሕክምና አለ። አቅም ላለው ታማሚ የራሱን የደም ግንድ ሴል አስቀምጦ፣ ጠንካራ ኬሞቴራፒ ሰጥቶ መልሶ መስጠት አንዱ ነው። ሌላው ለመላው አንጎል የሚሰጥ ጨረር ነው፤ ይህ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የማስታወስ ችሎታን ይጎዳል። ከመስማማታችሁ በፊት የጨረሩን መጠን ጠይቁ።

ሕክምናው አልቆም ሊያገረሽ ይችላል። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ቃል ከጠፋበት ወይም እይታው ከደበዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።