የጀርባ ሕመምተኛ ሶላትና የቤት ውስጥ እረፍቱ

 

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ የራሴ ስህተት ነው። ጀርባዬን በቀዶ ሕክምና ከታከምሁ በዘጠነኛው ቀን፣ ውርጌሳ በሚገኘው ቤታችን ውስጥ፣ ሐኪሙ የከለከለኝን ሱጁድ ወረድሁ። ያወረደኝ ኢማን አልነበረም። ሊጠይቁኝ ከመጡት ሽማግሌዎች መካከል ሰማንያ ያለፋቸው ቆመው ሲሰግዱ፣ እኔ የአርባ ሦስት ዓመቱ ሰው ወንበር ላይ መቀመጤ አሳፍሮኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሥራዬ የእህል ንግድ ነው። ውርጌሳን የማያውቅ ካለ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ ውጫሌን አልፎ መርሳ ከመድረሱ በፊት የሚገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ነው። የእኛ ሙያ ሰው ወጣት ሳለ ኩንታል መሸከምን እንደ ጀግንነት ይቆጥረዋል። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። የማላውቀው፣ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ የሸክሙን ጣሪያ 55 ኪሎ ማድረጉን ነበር። ይህንን ያነበብሁት ተኝቼ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ውስጡ እንደ ዝልግልግ ያለ፣ ዙሪያው ግን ጠንካራ የሆነ ትራስ አለ። ሐኪሞች ዲስክ ይሉታል። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ውስጡ ይወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። በዚህ ምክንያት ጀርባው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጮኸው እግሬን እያለ ነው። አብዛኛው ይህን የመሰለ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ እንደሚሄድ መታወቅ አለበት። ጀርባውን ያመመው ሁሉ ለቢላዋ አይቸኩል። የእኔ ግን ወራት አለፉት፤ በመጨረሻም የቀኝ እግሬ ጫፍ አልነሣ ብሎ ነጠላ ጫማዬ በመንገድ ላይ መውለቅ ጀመረ። እግር ሲዝል ነርቩ እየተጎዳ ነውና ሐኪሙ አልጠበቀም።

ይህን ሕክምና አገራችን ውስጥ ማግኘት ቀላል ያልነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ከተማ ሐኪሞችና አዲስ አበባ ከሚገኘው የኮሪያ ሆስፒታል ጋር በመተባበር በዚሁ ሙያ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዓለምም ቢሆን ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የዲስክን ነገር ገልጠው የጻፉት በ1934 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታካሚው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ ይደረግ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አቁመው ያራምዱታል። መተኛት ደምን በእግር ውስጥ ያረጋል፣ ጡንቻንም ያሰልላልና።

ከአዲስ አበባ እስከ ውርጌሳ የተጓዝሁት በሚኒባስ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሜ ነው። በየሰዓቱ እያስቆምሁ እወርድና እራመድ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፤ ሾፌሩ መጨረሻ ላይ ሳልነግረው መቆም ጀመረ። በመንገድ ላይ የመንገደኛን ሶላት አሳጥሬና አጣምሬ ሰግጃለሁ። ቤቴ ስደርስ ማሳጠሩ ቀረ፤ ማሳጠር የመንገደኛ እንጂ የበሽተኛ አይደለምና። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ማጣመርን በተመለከተ ግን ለበሽተኛ የፈቀዱ ሊቃውንት አሉ፣ ያልፈቀዱም አሉ። እያንዳንዱ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ቤት ስገባ የመጀመሪያው ጣጣ አልጋው ነበር። የእናቴ የጠፍር አልጋ መሐሉ ይረግባል። ጣውላ ረብርበንበት የጥጥ ፍራሹን ከላይ አነጠፍን። ራስጌውንም ወደ ምሥራቅ አዞርነው። ምክንያቱም ከእኛ አገር መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ቢባል ስህተት አይሆንም፤ ራሱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ በቀኝ ጎኑ የተኛ ሰው ፊቱ ቂብላ ላይ ይሆናል። ከአልጋ መነሣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጉልበትን አጥፎ ትከሻንና ዳሌን እንደ ግንድ በአንድነት ወደ ጎን ማገላበጥ፣ ቀጥሎ እግርን ወደ መሬት እያወረዱ በክንድ ገፍቶ መነሣት ነው። እንደ ጤነኛ ሰው በጀርባ ተኝቶ በሆድ ኃይል ብድግ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ሽንት ቤት ነበር። በገጠርም ሆነ በከተማ አብዛኛው ቤታችን ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ወንድሜ አሮጌ የእንጨት ወንበር መሐሉን ቀዶ ከጉድጓዱ በላይ አኖረልኝ። የሕመም ማስታገሻው ደግሞ ሆድ ያደርቃል፤ ማማጥ ለጀርባ መጥፎ ነው። ፓፓያና ብዙ ውሃ ረድተውኛል። እንዲህ ያለውን ነገር በጋዜጣ ላይ መጻፍ ነውር የሚመስለው ካለ፣ ሳይታከም ቤቱ ይጠብቅ እላለሁ።

አሁን ወደ ሶላቱ እንመለስ። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሣ፣ ከወገብህ አትታጠፍ፣ ብዙ አትቀመጥ፣ በየቀኑ እርምጃህን ጨምር ብሎኛል። ሃያ ሊትር የውሃ ጀሪካን ሃያ ኪሎ መሆኑን ልብ ይሏል። ሩኩዕና ሱጁድ ደግሞ መታጠፍ ናቸው።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሕመምተኛ የነበረው ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቆ፣ ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ታዟል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከፈረስ ወድቀው ጎናቸው በተጎዳ ጊዜ ተቀምጠው ሰግደዋል። ይህንን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። መቆም ችሎ መታጠፍ ያልቻለ ሰው፣ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ፣ ቆሞ ይቀራና ሩኩዑን በሚችለው መጠን ያመለክታል፤ ከዚያም ተቀምጦ ለሱጁድ ከሩኩዑ ዝቅ ብሎ ያመለክታል። በሐነፊ መዝሀብ ግን እንዲህ ያለው ሰው ሁሉንም ተቀምጦ በማመልከት መስገድ ይችላል። ወሎ ውስጥ ሻፊዒውም ሐነፊውም ስላለ አንዱ ሌላውን ሲያይ ተሳሳተ እንዳይለው ነው ይህን ማንሣቴ። ትራስ ወይም ሌላ ዕቃ አንሥቶ ግንባር ላይ ማስጠጋት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ከታመምሁ በኋላ ያነበብሁት አይደለም፤ አውቀው ነበር። ታዲያ በዘጠነኛው ቀን ለምን ወረድሁ? መግሪብ ነበር። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ሶፉ ተሠርቷል፤ እኔ ከጎን ወንበር ላይ ነኝ። የመጀመሪያውን ረከዓ በምልክት ሰገድሁ። በሁለተኛው ከወንበሩ ወርጄ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። መውረዱ አልከበደኝም። ስነሣ ግን ከወገቤ እስከ ተረከዜ እንደ እሳት የሆነ ነገር ወረደ፤ ሶላቱን በጎኔ ተኝቼ ጨረስሁ። ያን ሌሊትም የማግስቱንም ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም።

ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ደወልሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሕመሙ አልነበረም። ሽንትህን ትቆጣጠራለህ? በጭኖችህ መካከል መደንዘዝ አለ? እግርህ ካለፈው ይልቅ ዝሏል? አለኝ። አከርካሪው ታች የሚገኙት ነርቮች እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ ናቸው፤ እነርሱ ከተጨፈለቁ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ በሽተኛው በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መድረስ አለበት። አንዱም አልነበረብኝም፤ አልሐምዱሊላህ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የባት ማበጥ፣ ድንገተኛ የደረት ውጋትና የትንፋሽ ማጠርም ዛሬ ነገ የማይባልባቸው ምልክቶች መሆናቸውን አክሎ ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ሸሁ መጡ። የሆነውን ሰምተዋል። አጠገቤ ተቀምጠው፣

«አንተ ልጅ፣ ትናንት የሰገድኸው ለአላህ ነው ለእኛ?» አሉኝ።

ዝም አልሁ።

«ለአላህ ከሆነ እርሱ ቁጭ በል ብሎሃል። ለእኛ ከሆነ እኛ ምን እናደርግልሃለን?»

ቀጥለውም አቡ ዳውድ የዘገቡትን የዚያን ራሱን የተፈነከተ ሰው ታሪክ አነሡልኝ። ሰውየው በጉዞ ላይ ሳለ ገላ መታጠብ ግድ ሆነበት። ባልንጀሮቹን ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በእነዚያ ሰዎች ላይ እጅግ ተቆጡ፤ ገዳዮቹ እነርሱ መሆናቸውንም ተናገሩ። «እነርሱ ባለማወቅ ነው፤ አንተ እያወቅህ ነው» አሉኝ ሸሁ። ይህ አባባላቸው ከወገቤ ይልቅ አመመኝ። ቡናው ሲቀርብ ግን ትከሻዬን መታ አድርገው «አብሽር» አሉኝ፤ የወሎ ሰው ከዚህ ቃል በላይ መድኃኒት የለውም።

ስለ ዉዱእም ጠየቅኋቸው። እኔ ፋሻ ስላለብኝ ተየሙም የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቁስሉ ያለው ጀርባ ላይ እንጂ በዉዱእ አካላት ላይ አይደለም። ያስቸገረኝ ጎንበስ ብሎ እግር ማጠብ ነው፤ ለዚያ ሰው ቢያፈስልኝና ቢያጥብልኝ ይፈቀዳል። እግር ታጥቦ ኹፍ ከለበሱ ደግሞ በአገሩ ያለ ሰው አንድ ቀንና ሌሊት ከላይ ማበስ ይበቃዋል። ስለዚህ ልጄ በቀን አንድ ጊዜ እግሬን ያጥበኛል፤ ሌላውን በማበስ እጨርሳለሁ። ለገላ ትጥበት ግን ጤነኛውን አካል አጥቦ በፋሻው ላይ ማበስ አለ፤ ከዚያም ጋር ተየሙም መጨመር ያለበት መሆኑን የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ።

ስለ ጠያቂዎች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በሽተኛ መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ በዚህ አይታማም። ነገር ግን ጀርባውን የተቀደደ ሰው ሃያ ደቂቃ ከተቀመጠ በኋላ እንግዳ ፊት ተጋድሞ መጫወት ይሉኝታ ይይዘዋል። እኔ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተቀምጫለሁ፤ ሦስተኛው ቡና እስኪጠጣ። እንግዳው ዱዓ አድርጎ ቶሎ ቢነሣ፣ ወይም «ተጋደም» ብሎ ቢያዝ፣ ትልቅ ውለታ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ወጌሻ ይዞ የሚመጣው ነው። ወጌሻ ወለምታ ላይ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ የተሰፋ አከርካሪ ግን የሚታሽ አይደለም። እናቴም በቁስሉ ላይ ቅቤ ልቀባ ብላ ለምናኝ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ማለታቸውን ነግሬያት፣ ሐኪሙ ደረቅ ይሁን ያለውን ማድረቅም መታከም ነው ብዬ ነው ያሳመንኋት። ቅቤውን በገንፎ በላሁት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጁምዓዎች አዛኑን ተኝቼ ነው የሰማሁት። ጎረቤቶቼ ጫማ ሲያጠልቁ፣ ሕፃናቱ ሲሯሯጡ ይሰማኛል። አቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ የታመመ ወይም የተጓዘ ሰው ጤነኛና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት ተነግሯል። ይህን እያሰብሁ እጽናና ነበር፤ ጥቂት ቆይቼ ግን፣ ጤነኛ ሳለሁ ስንቱን ጁምዓ ገበያ አውሎኝ ኹጥባው እንዳመለጠኝ ትዝ አለኝ። የሚጻፍልኝ ያ ከሆነ ምን ሊጻፍልኝ ነው?

በስድስተኛው ሳምንት በእግሬ መስጊድ ሄድሁ። የእግር ሕመሙ ቀድሞ ጠፍቷል፤ የጣቶቼ መደንዘዝ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ነርቭ የሚያገግመው በዝግታ ነው ብለውኛል። በመጋዘኔ ያሉት ልጆች አሁን እህሉን በሃምሳ ኪሎ ጆንያ ይሞላሉ፤ አንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ጊዜ መጫኑ አሰልችቶት ወደ ሌላ ሄዷል። ለመስጊዱ የወሰድሁትን ወንበር የኋላ እግሮቹን ከሶፉ ጋር አስተካክዬ እሰግድበት ነበር። አሁን እኔ ባልጠቀምበትም አልመለስሁትም፤ ከግራው ምሰሶ ሥር ነው፤ ባለፈው ጁምዓ አንድ የማላውቀው ወጣት ተቀምጦበት አየሁ።