የክብረ ወሰን ስሌት፦ በአንድ ዓመት 611 ዙር ጎልፍ

አንድ ሙሉ የጎልፍ ዙር 18 ጉድጓዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች በቴክሳስ ግዛት፣ በኧርቪንግ ከተማ በሚገኝ ሜዳ 611 ዙር በመጫወት በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል።

ይህም 10,998 ጉድጓድ ሲሆን፣ ለ365 ቀናት ሲካፈል በቀን 1.67 ዙር ይደርሳል። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አማካይ የባከኑ ቀናትን አያሳይም። በዝናብ ወይም በሕመም 30 ቀን ቢባክን፣ በቀሪዎቹ 335 ቀናት የሚፈለገው 1.82 ዙር ይሆናል፤ 60 ቀን ቢባክን ደግሞ 2 ዙር ይሞላል።

ታዲያ የጎደለውን በሌላ ቀን ማካካስ አይቻልምን? መልሱ ከፀሐይ ብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 33 ዲግሪ ገደማ ላይ በምትገኘው ኧርቪንግ የቀኑ ርዝመት በሰኔ አጋማሽ ከ14 ሰዓት ሲበልጥ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል። አንድ ዙር 4 ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ በሰኔ በቀን 3 ዙር ይቻላል፤ በታኅሣሥ ግን ከ2 አያልፍም።

የአውሮፓውያን ዓመት የሚያበቃው ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት ነው። ስለሆነም በመጨረሻው ወር ሊካካስ የሚችለው ጉድለት 10 ዙር ያህል ብቻ ነው። ክብረ ወሰን ፈላጊ ዕዳውን በበጋው ረጅም ቀን መክፈል ይኖርበታል።

መልመጃ፦ ተጫዋቹ እስከ 182ኛው ቀን 250 ዙር ብቻ ፈጽሞ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ በቀን በአማካይ ስንት ዙር ያስፈልገው ነበር?