የቆየ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር አጸዳድ፦ ሳይንሱና የሥራው ቅደም ተከተል

ለዓመታት በጋራዥ ጥግ ተሸፍኖ የቆመ ሞተር ሳይክል እንደገና እንዲሠራ ሲታሰብ፣ የባለቤቱ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙ፣ በዝገቱና በጎማው ላይ ነው። ሞተሩን እንዳይነሣ የሚያደርገው ችግር ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከውጭ በማይታይ ስፍራ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ባሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በጠበቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። እነዚህን ቀዳዳዎች በጥንቃቄ ያጸዳ ሰው ሞተሩን ከሞት ያድናል፤ ያለ ዕውቀት የነካካቸው ግን ጤነኛ የነበረውን ፒስተን እስከማቅለጥ የሚደርስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ካርቡሬተር ምን ይሠራል?

የካርቡሬተር ተግባር ቤንዚንን በደቃቁ በትኖ ከአየር ጋር በትክክለኛ መጠን መቀላቀል ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው መሣሪያ ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ብቻ ነው።

ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ በኩል ያልፋል። ጉሮሮው መካከሉ ላይ ጠበብ ያለ በመሆኑ አየሩ በዚያ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ይህ ጠባብ ክፍል በጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ በጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ስም ቬንቱሪ ይባላል። ከጉሮሮው ሥር በሚገኘው የቤንዚን ጽዋ ላይ ያረፈው መደበኛ የከባቢ አየር ግፊት ደግሞ ቤንዚኑን ወደ ላይ፣ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ስፍራ ይገፋዋል። ቤንዚኑ በሚወጣበት መንገድ ላይ መጠኑን የሚወስኑ የተበሱ የነሐስ ብሎኖች ይገኛሉ፤ ጄት የሚባሉትም እነርሱ ናቸው።

ቪልሄልም ማይባኽ ቤንዚንን በቀዳዳ የሚረጭ ካርቡሬተር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1893 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ 750 ለአራቱ ሲሊንደሮቹ አራት የኬሂን ካርቡሬተሮች ነበሩት። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው አንዱን ሥራ አራት ጊዜ፣ ያለ ልዩነት መሥራት ይጠበቅበታል።

ቤንዚን ሲከርም ምን ይሆናል?

ቤንዚን የብዙ ውሕዶች ድብልቅ ነው። ሲቀመጥ በመጀመሪያ ቀላሎቹና በቶሎ የሚተኑት ክፍሎቹ ይጠፋሉ፤ ሞተርን በብርድ ለማስነሣት የሚረዱትም እነዚሁ ናቸው። የቀረው ከኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ሙጫ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል፤ ከርሞም እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ሙቀት ይህን ሂደት ያፋጥነዋል።

በቤንዚን ውስጥ ኤታኖል ካለ ሌላ ችግር ይጨመራል። ኤታኖል እርጥበት ይስባል፤ የሳበው ውሃ ሲበዛም ከኤታኖሉ ጋር ከቤንዚኑ ተለይቶ ከጽዋው ሥር ይዘቅጣል። ከዚያም ብረቱን ይበላል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት መሰል ክምችት ያበቅላል። ቫርኒሹን የሚያሟሟው ፈሳሽ ይህን ክምችት ላያነሣው ስለሚችል፣ የትኛው እንዳለ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ከመፍታት በፊት

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይጓዛል፤ ራቅ ካለ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ እሳት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ፣ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ርቆ መሠራት አለበት። የዓይን መከላከያ መነጽርም አስፈላጊ ነው፤ በአንዱ ቀዳዳ የተረጨ ፈሳሽ በሌላው በኩል ወደ ፊት መመለሱ የተለመደ ነውና።

ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሣ። ካርቡሬተሮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ የእያንዳንዱ ዕቃ በተለየ ሣህን ይቀመጥ። የጃፓን ሞተር ሳይክሎች የመስቀል ብሎኖች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በልክ አይገጥሙም፤ ለእነርሱ የተሠራውን የጃፓን ደረጃ ካቻቢቴ ያልያዘ ሰው የብሎኑን ራስ ይበላዋል። አልፈታ ያለ ብሎን ዘይት ጠጥቶ አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻላል። ተንሳፋፊውን የያዙት ቀጫጭን ዓምዶች በመዶሻ ምት በቀላሉ ስለሚሰበሩ፣ ሚስማራቸው በትዕግሥት መውጣት አለበት።

የሥራ ፈት መቆጣጠሪያው ብሎን ከመውጣቱ በፊት ደግሞ በቀስታ ወደ ውስጥ እየተዞረ እስኪያርፍ ድረስ ስንት ዙር እንደሄደ ተቆጥሮ ይጻፍ። አጥብቆ ማሰር ግን ሹል ጫፉንና መቀመጫውን ያበላሻል።

አጸዳዱ

መጀመሪያ ከላስቲክና ከፕላስቲክ የተሠራ ማንኛውም ክፍል ይውጣ። የካርቡሬተር ማጽጃ ኬሚካል ላስቲክን ያሳብጣል፤ በአንዳንድ ካርቡሬተሮች ላይ የሚገኘውን ስስ የላስቲክ ሽፋን ደግሞ ጨርሶ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ቀጥሎ ብረቱና ጄቶቹ በማጽጃ ፈሳሽ ይዘፈዘፋሉ። ኮምጣጤም ሆነ ጠንካራ የምድጃ ማጽጃ አይመከርም፤ የካርቡሬተር አካል የሚሠራው ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅይጥ በመሆኑ አሲድም ሆነ አልካሊ ይበላዋል።

ከዝፍዘፋው በኋላ ማጽጃው በእያንዳንዱ መተላለፊያ ተረጭቶ በሌላው ጫፍ መውጣቱ በዓይን ይረጋገጥ፤ ከዚያም በኮምፕሬሰር አየር ይነፋ። ከውጭ የሚያብለጨልጭ ነገር ግን አንድ መተላለፊያው የተደፈነ ካርቡሬተር አልጸዳም።

በአልትራሳውንድ የሚሠራ የማጽጃ ገንዳ ለሚያገኝ ሰው ሥራው ይቀላል። ብዙዎቹ ገንዳዎች በሰከንድ 40,000 ጊዜ ያህል በመርገብገብ በሞቀው የሳሙና ውሃ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን አረፋዎችን ይፈጥራሉ፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱም እጅ የማይደርስበትን እድፍ ያላቅቃሉ። ይሁንና ከገንዳው የወጣ አካል ወዲያው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በአየር ካልደረቀ አዲስ ዝገት መጀመሩ ነው።

ሽቦ ለምን ይከለከላል?

የተደፈነ ጄትን በብረት ሽቦ መውጋት ፈጣን መፍትሔ ይመስላል። ነሐስ ግን ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነው። የኬሂን የሥራ ፈት ጄት ላይ «40» የሚል ቁጥር ቢጻፍ ቀዳዳው 0.40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ በሽቦ ተፍቆ 0.44 ቢደርስ፣ የስፋቱ ጭማሪ 21 በመቶ ይሆናል። በተቃራኒው ግድግዳው ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቫርኒሽ ቢለጠፍ፣ ቀዳዳው ወደ 0.30 ይጠባል፤ የሚቀረውም ስፋት ከቀድሞው 56 በመቶ ብቻ ነው። ዓይን የማይለየው ልዩነት ሞተሩን ያናውጠዋል ማለት ነው። በዝፍዘፋ ያልተከፈተ ጄት በናይለን ክር ይሞከር፤ ካልሆነም በተመሳሳይ ቁጥር በአዲስ መተካት ይበጃል።

ምልክቶቹን ማንበብ

ካርቡሬተር በደረጃ ይሠራል። ነዳጅ መስጫው ሲዘጋና ጥቂት ሲከፈት የሥራ ፈት ጄቱ፣ በመካከለኛው መጠን መርፌው፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደግሞ ዋናው ጄት ይመራል። ስለዚህ በቾክ ብቻ እየተነሣ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ፈት መተላለፊያው እንደተደፈነ ይናገራል። በፍጥነት ላይ ኃይል የሚያጣ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጄት ይመርመር።

የቤንዚን ማነስ ከመብዛቱ የበለጠ አደገኛ ነው። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ያነሰበት ሞተር ግን ቅሬታውን ሳያሰማ ይግላል፤ በከባድ ጭነት ሲነዳም ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል። ከካርቡሬተሩና ከሞተሩ መገናኛ በተሰነጠቀ ላስቲክ በኩል የሚገባ አየርም ይህንኑ ጥፋት ስለሚያስከትል፣ ላስቲኮቹና ጓርኒሲዮኖቹ በአዲስ መተካት አለባቸው።

ከተገጣጠመ በኋላ

የተንሳፋፊው ከፍታ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይለካ። ቤንዚን የሚዘጋው ትንሽ ቫልቭ በደንብ ካልተቀመጠ ቤንዚን ሞልቶ ይፈሳል፤ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ደግሞ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ከመገጠሙ በፊት ቤንዚን ተሞልቶ መፍሰስ አለመፍሰሱ ይታይ። የነዳጅ ታንኩም ዝገት ካለው አስቀድሞ ይጽዳ፤ ካልሆነ የብዙ ቀን ልፋት በአንድ ጉዞ ይበላሻል። ካርቡሬተሮቹ ብዙ ከሆኑ በመጨረሻ የሁሉም አየር አሳሳብ በግፊት መለኪያ እኩል ይደረግ።

ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዱባይ ወይም በሮም በትክክል የተስተካከለ ካርቡሬተር በአዲስ አበባ ለአየሩ መጠን የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ አነስ ያለ ዋና ጄትም ሊያስፈልገው ይችላል። በከፍታ ተስተካክሎ ወደ ቆላ የወረደው ደግሞ ቤንዚን ያንሰዋልና የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ችግሩ እንዳይመለስ የሚያደርገው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ለወራት የሚቆም ከሆነ የነዳጅ መዝጊያው ተዘግቶ የጽዋው ማፍሰሻ ብሎን ይከፈት። ቤንዚን በሌለበት ጽዋ ውስጥ ቫርኒሽ አይደርቅም።