የፀሐይ ብርሃንና የኩሬ ውኃ ቀለም

በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ለመውረድ ዝቅ በሚል አውሮፕላን የተቀመጠ መንገደኛ ወደ ምድር ቢመለከት፣ ከደጋው የወረደው የባሮ ወንዝ በሜዳው ላይ ተጠማዝዞ ሲሄድ ሊያይ ይችላል። ይህ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይገባል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሣሩንና ረግረጉን ያለብሳል፤ ጎርፉ ሲሸሽም በየጎድጓዳው ኩሬ ይቀራል። ቅጠልና ሣር የበሰበሰበት ኩሬ እንደ ሻይ ይጠቁራል። ይህ ቀለም ከምን እንደ መጣ፣ ፀሐይም ምን እንደምታደርገው ማወቅ ውኃ ለሚጠጣ ሁሉ ጥቅም አለው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

የሻይ ቅጠል በፈላ ውኃ ውስጥ ቀለሙን እንደሚለቅ፣ የወደቀ ቅጠል፣ ሥርና ሣርም በኩሬ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟሉ። ከዚህ የሚገኘው ነገር ዋና መሠረቱ ካርቦን ስለ ሆነ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ይባላል። እንደ ጭቃ አይዘቅጥም፤ በነጠላም ቢያጠሩት አይቀርም። ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ ባነሰ የቤተ ሙከራ ማጥሪያ እንኳ ያልፋል።

ፀሐይ ምን ታደርገዋለች?

በገመድ ላይ ብዙ ቀን የተሰጣ ባለቀለም ልብስ እንደሚለቅ ሁሉ፣ የውኃው ቀለምም በፀሐይ ይሳሳል። ይኸውም ቀለም ያለው ክፍል ሰማያዊውን ብርሃንና ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር ስለሚውጥ ነው። የተዋጠው ኀይል በውኃው ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሆኖ ትልልቁን የካርቦን ሰንሰለት ይበጣጥሳል። ከፊሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ ከፊሉም ወደ ትንንሽ አሲዶች ይለወጣል።

ስለ አህጉራችን ታላቅ ወንዝ ስለ ኮንጎ የተደረገ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ታትሟል። ከወንዙ የተቀዳ ውኃ ፀሐይን በሚመስል ብርሃን ሥር ለ57 ቀን ሲቆይ፣ ከሟሟው ካርቦን 45 ከመቶ የሚያህል ጠፋ። ከእንጨትና ከቅጠል የመጣው ሊግኒን የተባለው ክፍል ግን ከ95 ከመቶ በላይ ጠፋ። ሆኖም ይህ ሥራ የሚፈጸመው በውኃው ላይኛ ገጽ ነው። በጠቆረ ወይም በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጨረሩ ጥልቅ ሳይደርስ ይጠፋል።

ቀለሙ የጠፋ ውኃ ንጹሕ ነውን?

አይደለም። አባቶቻችን «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» ያሉት እዚህም ላይ ይሠራል። ፀሐይ ቆራርጣ ያስቀረቻቸው ትንንሽ አሲዶች ለባክቴሪያዎች የቀለለ ምግብ ይሆናሉ። ስለዚህ ዓይን የጠራ የሚለው ውኃ በሽታ የሚያመጡ ተሐዋስያን ሊኖሩበት ይችላል።

የፀሐይ ጨረር ባክቴሪያን እንደሚገድል ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1877 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አስረድተዋል። ዛሬም ከ2 ሊትር የማይበልጥ፣ ንጹሕና ቀለም የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማጋደም የታወቀ ዘዴ ነው። ሰማዩ ብሩህ ከሆነ 6 ሰዓት፣ ደመና ከሸፈነው ሁለት ተከታታይ ቀን ይቆያል። ድፍርስነቱን ለመመርመር የተሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ አርእስት ላይ አቁሞ ከአፉ ወደ ታች መመልከት ነው፤ ፊደሉ ካልተነበበ ውኃው ለዚህ ዘዴ አይሆንም። ፊደሉ ቢነበብም እንደ ሻይ የጠቆረ ውኃ ጨረሩን አስቀድሞ ስለሚውጠው ተሐዋስያኑ በጥላ ሥር እንዳሉ ይቆጠራል። ይህን የመሰለውን ውኃ ማፍላት ይሻላል፤ እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ አገር ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ክሎሪን የሚጨምርም፣ የሟሟው ነገር ክሎሪኑን እየተሻማ ኀይሉን እንደሚያደክመው ይወቅ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የጊኒ ዎርም ነገር ነው። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ወደ መጥፋት ሲቃረብ የመጨረሻ ምሽጉ በጋምቤላ ክልል፣ በተለይም ጎግና አቦቦ ወረዳዎች ሆኗል። የትሉን እጭ የሚሸከሙት በኩሬ የሚኖሩ፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። በዚህ ረገድ በፀሐይ መታመን አይገባም። የኩሬ ውኃ ሁልጊዜ ጥቅጥቅ ባለ የማጥሪያ ጨርቅ ይጠለል ወይም ይፈላ፤ ትሉ የወጣበት ሰውም ከኩሬ አይግባ።

ለመምህራን የሚሆን ሙከራ

ደረቅ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፋችሁ ቀለሙ ሲወጣ በጨርቅ አጥሩት። በሁለት እኩል የፕላስቲክ ጠርሙሶች ከፍላችሁ አንዱን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሁለቱንም በአንድ ስፍራ ፀሐይ ላይ አኑሩ። በየሳምንቱ በነጭ ወረቀት ፊት አቁማችሁ ቀለማቸውን ተማሪዎች ይመዝግቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትኛው እንደ ሳሳ ይጠየቁ። ቀጥሎም «የሳሳውን ውኃ መጠጣት ይቻላልን?» ተብለው ይጠየቁ። «ሳይፈላ አይጠጣም» ብለው ምክንያቱን ጭምር ከመለሱ ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ በየቤታቸውም ለእናቶቻቸውና ለታናናሾቻቸው ያስረዳሉ።