እጥፍ ሲጨመር እጥፍ አይገኝም

ብዙዎቻችን ጋዜጠኝነትን የመረጥነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው። እኔ ግን ስለ ጤና የሚጽፍ ሰው ሊያመልጠው አይችልም እላለሁ።

ነርቭን እንውሰድ። ቀስቃሹ ደካማ ከሆነ ዝም ይላል፤ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ሙሉ ምልክት ይልካል። ቀስቃሹ እጥፍ ቢሆንም የምልክቱ ቁመት እጥፍ አይሆንም። መስመራዊ ያልሆነ ጠባይ ማለት ይኸው ነው። ምክንያቱስ? ሶዲየም ወደ ነርቩ ሲገባ ተጨማሪ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ከዚያ በሮቹ ይዘጉና ፖታሲየም ወጥቶ ያረጋጋዋል።

እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሪው ሀክስሊ ስኩዊድ ከተባለ የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው፣ ይህን እ.ኤ.አ. በ1952 በአራት እኩልታዎች ገለጹት። የካምብሪጅ ኮምፒዩተር በወቅቱ ስለማይሠራ ሀክስሊ ያን ሁሉ ስሌት የሠራው በእጅ በሚዞር ማሽን ነው! በ1963 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ለእኛስ ምን ይጠቅማል? ፌኒቶይን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንይ። ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት አቅም ውስን ስለሆነ፣ መጠኑ ትንሽ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ክምችት በጣም ሊዘልና ሰውየውን ሊመርዘው ይችላል። እንግዲህ «ብዙ ከተወሰደ ብዙ ያሽላል» የሚል ዜና ከመጻፋችን በፊት ሐኪም እንጠይቅ። አንባቢው እኛን አምኖ ይውጠዋልና።